ግራ የገባት ግራ እጅ

ሻይ ሻጯ ይህን ደንበኛዋን የምታውቀው በእጆቹ ነው። ሰውዬው ከመንገዱ ማዶ ኤክስካቫተር ይነዳል። ጠዋት ጠዋት ጭቃ የጠጣ ካፖርቱን ሳያወልቅ አግዳሚው ላይ ይቀመጥና ሁለት ባዶ ብርጭቆ ይለምናታል። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ጨብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ማሽኑ መንጃ ዘንጎች ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሳቸዋል።

«ጋሼ፣ ብርጭቆዎቼ ናፍጣ ይፈልጋሉ እንዴ?»

«ሳቂ አንቺ! አዲሱ ማሽን እኮ ግራ አጋባኝ። በአሮጌው ክንዱን የምታነሳው ግራ እጄ ነበረች፤ በዚህኛው ቀኜ ናት። ትናንት አነሳለሁ ብዬ የሰው አጥር ጎተትኩ።»

ፎርማኑም ቁርጡን ነግሮታል፤ ዛሬ አጥሩን ከነካ ነገ መቀመጫው የሌላ ሰው ነው።

«እጅ እንዲህ እልኸኛ ይሆናል?»

«ግራዋ ናት። ልጅ ሆኜ በግራህ አትብላ፣ በግራህ አትጻፍ እያለች አክስቴ በመቀነቷ ታስራት ነበር። እንደ ልቧ የሆነችው አሮጌው ማሽን ላይ ብቻ ነው።»

ሻይ ሻጯ ብርጭቆዎቹን ተቀበለችው። «በል፣ ቀኝ ያውልህ» አለችው።

«የዛሬውን እንኳ ከልብሽ በይው» ብሎ ሄደ።

እሷም በሻይ ቤቷ ቆርቆሮ ቀዳዳ አጥሩን ስታይ አረፈደች፤ ውሃው ሁለቴ ገነፈለባት። የማሽኑ መቆፈሪያ ባልዲ አንዴ ወደ አጥሩ ተወዛወዘ፣ ቆመ፣ እንደ ማሰብ አለና ወደ ላይ ተነሣ።

በምሳ ሰዓት ላቡን እየጠረገ መጣ። ሻዩን ስትሰጠው ቀኙን ዘርግቶ ነበር፤ መለሰና በግራው ተቀበላት።

«ምነው ጋሼ?»

«ቀኜ ስታነሳ አረፈደች። ይቺም የምታነሳው ይድረሳት እንጂ፤ ታኮርፈኛለች።»