ያለ ቅባት ያደረው ሽጉጥ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ሰው ፊት መናገርም ይከብደኛል። ግን ዛሬ ጠዋት የአባቴን ገጀራ ከግድግዳው ባወርደው በሰሞኑ ዝናብ ዝጎ አገኘሁት። ያን ጊዜ ያ ሽጉጥ ትዝ አለኝና ንድድ አለኝ። ንዴቴን ለማን ልንገረው? ይኸው እየጻፍኩት ነው።

ከቴፒ ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለ። እዚያ ቡና አጣቢ ሆኜ የገባሁት ገና ልጅ እያለሁ ነው። ለቀማው ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል፤ እኛም ወደየቤታችን እንበተናለን። የጥበቃ ሥራ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ ካገኘሁ ማታ ማታ እየተማርኩ ሰባተኛን እቀጥላለሁ ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ አንዱ ጥበቃ ሥራውን ሲለቅ፣ አፌ እየተሳሰረ፣ የጥበቃ ኃላፊያችንን አሥር አለቃ ደምሴን ለመንኳቸው። የድሮ ወታደር ናቸው። ሳቁ፤ ግን እምቢ አላሉም። ቦታውን የፈለገው ሌላው ሰው ታምሩ ነበር፤ ጆንያ የሚሸከም፣ ቀልደኛ ልጅ።

በዚያው ሰሞን የጣቢያው ባለቤት ፈቃድ አውጥተው ከድሮ መጋዘን የወጡ ሁለት ሽጉጦች ገዝተው ላኩ። በሰም ወረቀት ተጠቅልለዋል፤ ተቀምጠው እንዳይዝጉም በወፍራም ቡናማ ግራሶ ተለውሰዋል። መልኩ የረጋ ማር ይመስላል፣ ሽታው ግን የጋራዥ ነው። አሥር አለቃ ጥይቱን እሳቸው ዘንድ አስቀርተው፣ እንዴት እንደሚፈታ አሳይተው ለእኔና ለታምሩ አንድ አንድ ሰጡን።

«ነገ ባለቤቱ ይመጣሉ። በዚህ ብረት ላይ ቅባት የሚባል ነገር እንዳላይ! ያማረለት ሥራውን ይይዛል» አሉን።

ከዚያው ጠዋት ጀምሮ በነጭ ጋዝ አሸሁ። ግራሶው ከላይ ቶሎ ለቀቀ፤ ከአፈሙዙ ውስጥ ግን አልወጣ አለኝ። በዶሮ ላባ እየጎረጎርኩ አወጣሁት። ምሳዬን፣ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ፣ ስበላ እንኳ የሚሸተኝ ጋዝ ብቻ ነበር። ታምሩ ላይ ላዩን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ጨርሶ፣ አጠገቤ ተቀምጦ ያየኛል።

«አንቺ፣ ሽጉጥ ነው ወይስ አራስ ልጅ እንዲህ የምታጥቢው?»

«ተወኝ ታሜ።»

«ኧረ ቆዳውን ገፈፍሽው!»

እኔ መች ሰማሁት። እኛ ቡና አጣቢዎች አንድ መለኪያ አለን፤ ፍሬው በመዳፍ ሲታሽ የሚያንሸራትት ከሆነ ልጋጉ ገና አልለቀቀም፤ ሲኮሰኩስ ነው ጸዳ የሚባለው። ሽጉጡንም በዚያው መለኪያ ያዝኩት። በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሜ አጥቤ፣ ጣቴ ላይ እስኪኮሰኩስ ድረስ አሸሁት። ከዚያ ቡና የምናደርቅበት አልጋ ላይ ፀሐይ አሞቅሁት። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲወርድ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ አስረከብኩ። አሥር አለቃ «ጎበዝ» ብለው፣ ጨርቁን ሳይገልጡ ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ የመንገዱ ጭቃ እንኳ አልከበደኝም።

በማግስቱ ባለቤቱ ፊት ጨርቁ ሲፈታ፣ ሽጉጤ በርበሬ የተነሰነሰበት መስሎ ቀልቷል። ባለቤቱ ጣታቸውን አሳረፉበትና የቀላውን ጣት ለአሥር አለቃ አሳዩ። የታምሩ ደግሞ ግማሹ ግራሶ በላዩ ስለቀረ ያብረቀርቃል።

«ምን ሆነሽ ነው ራቁቱን ያስቀረሽው?» አሉኝ አሥር አለቃ። «በዚህ አገር እርጥበት ብረት ያለ ዘይት ያድራል? ከጸዳ በኋላ ስስ ዘይት እንደሚቀባ ማን የማያውቅ አለ?»

እኔ አላውቅም ነበር። «ቅባት እንዳላይ ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ዘይቱንስ መቼ ሰጡኝ?» ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። መሬት መሬት እያየሁ ዝም አልኩ። ባለቤቱም ታምሩን «ነገ ጀምር» አሉት።

ታምሩ ዛሬም በሩ ላይ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እሱን አልቀየምም። እኔም እዚያው ቡና ማጠቢያው ገንዳ ዳር ነኝ፤ ሰባተኛ ክፍልን ደጁንም አላየሁት። ሰው ከስሕተቱ ይማራል ይላሉ። እሺ፣ ተማርኩ። ግን ያላስተማረኝ ሰው ሲቆጣኝ ዝም ማለቴ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ያን መልስ ቡና እያጠብኩ ስንት ጊዜ ለብቻዬ ተለማምጄዋለሁ!

አሥር አለቃ ጡረታ ወጥተው ወደ ማሻ ሲሄዱ ሁላችንንም እየዞሩ ተሰናበቱን። እኔ ጋ ሲደርሱ፣ ዛሬስ እነግራቸዋለሁ ብዬ እጄን ከገንዳው አወጣሁ። ቀደሙኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፦

«አይዞሽ ልጄ፤ ቡና በማጠብስ እንዳንቺ ያለ አላየሁም» አሉኝ።