የግራጫው ቀበቶ ሳምንት

ልጅ እያለሁ አቃቂ ውስጥ ከውሻም ከጅብም አብልጬ የምፈራው «ስንተኛ ወጣሽ?» የሚለውን ጥያቄ ነበር። ካርድ የተሰጠ ቀን ከትምህርት ቤት እስከ ቤቴ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፤ ባለሱቁ፣ ልብስ ሰፊው፣ ስሜን እንኳ የማያውቅ ሽማግሌ ሳይቀር። የኛ ዘመን ልጆች ይህን ታውቁታላችሁ። አንዱ አንደኛ ይወጣል፣ ሌላው ተደርድሮ ይከተላል፤ አንዱ ከፍ የሚለው ሌላው ዝቅ ሲል ብቻ ነው።

የኔን ችግር ያባሰችው ሉባባ ነበረች። አባቷ ከስልጤ መጥተው እኛ ሰፈር ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው፤ እሷ ደግሞ አንድ ዴስክ የምንቀመጥ፣ አንድ ፓስቲ ለሁለት የምንገምጥ ጓደኛዬ። ውጤታችን ተቀራራቢ ስለነበር ወይ እሷ ትቀድመኛለች ወይ እኔ እቀድማታለሁ። ካርድ በተሰጠ ማግስት ከሁለት አንዳችን ማኩረፋችን አይቀርም ነበር።

አንድ ክረምት የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የጁጂትሱ ስልጠና ሲጀመር አብረን ተመዘገብን። ሰፈሩ ካራቴ ይለው ነበር፤ እኛ ግን መማታት ሳይሆን መያያዝ፣ መጣል፣ ፍራሽ ላይ ተጠቅልሎ መታገል ነው የተማርነው። የተያዘ ሰው ፍራሹን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፤ የያዘው ወዲያው ይለቃል። ልብሳችን ከአቡጀዲ የተሰፋ ነበር፤ አዲስ እያለ አንገት ይፍቃል፣ ላብ ሲነካው ደግሞ እንደ ረጠበ ጆንያ ይሸታል። ያ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ደስም ይለኛል።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አሰልጣኛችን ማስተር ደረጀ፣ «ቅዳሜ የቤልት ፈተና አለ። ሉባባ፣ አንቺ ከሰናይት ጋር ትታገያለሽ» አለ። ሰናይት እኔ ነኝ። ፈተናው ከነጭ ቀበቶ ወደ ግራጫ መሸጋገሪያ ነው። እሱ ሌላ ምንም አላለም፤ የቀረውን እኛው ራሳችን ሞላነው። ያሸነፈችው ግራጫ ትታጠቃለች፣ የተሸነፈችው በነጭ ትቀራለች። ሌላ ዓይነት ፈተናማ የት እናውቃለን?

ያን ሳምንት በነሉባባ ሱቅ በኩል ማለፍ ትቼ በጀርባ መንገድ እዞር ጀመር። እሷም ስታየኝ ፊቷን ወደ መደርደሪያው ታዞራለች። አባቴ ከፋብሪካ ሲመለስ «አደራ፣ እንዳትበለጪ!» ይለኛል። እናቴ ብቻ «ለአንድ መቀነት ብላችሁ ልትጣሉ? ጉድ ነው!» ብላ ሳቀችብን። እኔ ግን ምግብ አልበላልኝ አለ። መሸነፍን እፈራለሁ፤ ሉባባን ማጣትንም እፈራለሁ፤ ከሁለቱም የሚያድነኝ መንገድ አልታየኝም።

ቅዳሜ ወላጆቻችን አዳራሹ ጥግ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ገና ስንጀምር ሉባባ አንስታ ጣለችኝ። ከሥሯ ሾልኬ ወጣሁና ክንዷን በሁለት እግሮቼ መሃል አድርጌ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩት። ፍራሹን መታ መታ አደረገች፤ ለቀቅኳት። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ይሄኔ እኔም ማልቀስ ጀመርኩ፤ ያውም ጮክ ብዬ።

ማስተር ደረጀ ግራ ገባው። «አንቺ ደግሞ አሸንፈሽ ምን ያስለቅስሻል?»

«እሷ ልትቀር ነዋ!» አልኩት።

«ማን ነው ትቀራለች ያለሽ?» ብሎ ተንበረከከና ሁለታችንንም ወደሱ ሳበን። «እኔ የማየው ማን ማንን ጣለ ብዬ አይደለም። ሉባባ አጣጣሏ ያምራል፤ ስትያዝም ክንዷ ሳይጎዳ ፍራሹን በጊዜ መታች። አንቺም ስትመታ ወዲያው ለቀቅሽ። ሁለታችሁም አልፋችኋል። ቤልት እኮ አንዷ ስትቀመጥ ሌላዋ የምትቆምበት ወንበር አይደለም።»

እፎይታውን እንዴት ልንገራችሁ! ሳምንቱን ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ወረደልኝ። ሉባባ በላቧ እንደራሰች አቀፈችኝ፤ ከዚያ ግራጫውን ቀበቶ እኔ ለሷ፣ እሷ ለኔ አሰርን። አባቴ እየተጣደፈ መጥቶ «ስንተኛ ወጣሽ?» አለኝ። ሁለታችንም አለፍን ስለው «እሱስ ይሁን፤ ግን ማን ቀደመ?» አለ። እስከ ዛሬም በደንብ የገባው አይመስለኝም። እናቴ ደግሞ ቀበቶውን አገላብጣ አየችውና «ነጩ ነው እንዴ ሳይታጠብ ቀርቶ?» ብላ አሳቀችን። ወደ ቤት ስንመለስ ፓስቲያችንን እንደ ድሮው ለሁለት ገመጥን።

እውነቱን ለመናገር ከግራጫ ብዙም አልራቅንም። አዳራሹ ለሌላ ሥራ ተፈለገ፣ ማስተር ደረጀም ወደ ሳሪስ ሄደ። አሁን የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም ነው። የዛሬ ልጆች ከሱቅ የተገዛ፣ አንገት የማይፍቅ የስፖርት ልብስ ለብሰው በብሎካችን ሥር ሲያልፉ አያለሁ፤ ይመቻቸው። መሥሪያ ቤቴ ግን ያው የድሮው ክፍል ነው። አንድ የሥራ መደብ ክፍት ሲሆን ለዓመታት ምሳ አብረው የበሉ ሰዎች ይኮራረፋሉ። አልፈርድባቸውም፤ ቦታው በእርግጥም አንድ ነው። ሳያቸው ግን ያቺ ቅዳሜ ትዝ ትለኝና፣ እንኳንም በልጅነቴ ደረሰችልኝ እላለሁ።

እናቴ ከኔ ሌላ አልወለደችም። ባለፈው ሳምንት ልጄን ስቆጣት አኩርፋ «አክስቴ ጋ ነው የምሄደው!» ብላ በሩን በላዬ ላይ ዘግታ ወጣች። አልተከተልኳትም። የሉባባ ሱቅ እኮ እዚሁ ብሎካችን ሥር ነው።