በሦስተኛው ረድፍ ላይ የጣልኩት ገለባ

በ1975 ዓ.ም. ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ከሮቤ ወጣ ብሎ በነበረ የመንግሥት የሙከራ እርሻ ላይ በጉልበት እሠራ ነበር። አለቃዬ በዕፅዋት ላይ የሚመራመሩ ዶክተር ነበሩ። ከቆላ የወይን ቅርንጫፍ አስመጥተው ስድስት ረድፍ ተከልን። በገብስ አገር ወይን ምን ይሠራል ብሎ ሰው ሳቀብን። እሳቸው ግን የፈለጉት ፍሬውን አልነበረም፤ ውርጭ የወይኑን እምቡጥ እስከ የት ድረስ እንደሚገድለው ማወቅ ነበር።

አንድ ቀን በማይክሮስኮፑ እንዳይ ጠሩኝ። በምላጭ ስስ አድርገው የቆረጡት እምቡጥ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ተደርድሯል።

"ሕዋሳት ናቸው" አሉኝ። "ውስጣቸው ያለው ውኃ በረዶ ከሆነ ይቀደዳሉ። ግን በአንድ እምቡጥ ውስጥ ሦስት ቡቃያ አለ። ትልቁ ቢሞት ከጎኑ ያለው ሊተርፍ ይችላል። እሱን ነው የምፈልገው። ስለዚህ ማንም ሰው እንዳይሸፍናቸው!"

እሺ አልኩ። ኅዳር ገብቶ ሰማዩ ጥርት ያለ ዕለት ግን፣ በእጄ ያጠጣሁትን ተክል ለውርጭ ትቼ መሄድ አቃተኝ። ሲመሻሽ የገብስ ገለባ ተሸክሜ ሦስተኛውን ረድፍ ሸፈንኩ። ለሁሉም አልበቃኝም።

የእርሻው ዘበኛ አየኝ። "ያ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ለወይን ጋቢ ታለብሳለህ? ለኔም አንድ እቅፍ ጣልልኝ እንጂ!"

"አፍህን ያዝ" አልኩት።

ሲነጋ ገለባውን አነሳሁ። በሦስተኛው ቀን አምስቱ ረድፍ እንደተቃጠለ ጠቆረ፤ የኔው ብቻ ለመለመ። ዶክተሩ ደብተራቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ።

"ይህን ረድፍ የነካ ሰው አለ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አልኩ። ዋሸሁ። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ሦስት ልጆች ነበሩኝ።

በዚያው ሳምንት አንድ ካድሬ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር ከጎባ መጣ። ገና ከመኪናው ሳይወርድ የጠቆረውን አየ። ከሦስተኛው ረድፍ ሥር ደግሞ እኔ ለቅሜ ያልጨረስኩትን ገለባ አነሳና በጣቱ አሸው።

"ጓድ ዶክተር፣ ሽፋን እንደሚያድነው ያውቁ ነበር ማለት ነው። አንዱን ሸፍነው አምስቱን አስገደሉ። የመንግሥት ንብረት!"

"አልሞተም" አሉ ዶክተሩ። ከጠቆረው አንድ እምቡጥ በምላጭ ከፈሉ፤ መሀሉ ቡናማ ነው። ከጎኑ ቀጠን አድርገው ቆረጡ፤ አረንጓዴ ነጥብ ታየች። እኔም አየኋት።

ካድሬው ሳቀ። "ይህችን የጤፍ ፍሬ የምታህል ነገር ይዤ ሄጄ ለአለቆቼ ላሳይ? አንተ ሰውዬ፣ አሻጥር ነው የሠራኸው! ገለባውን ማን ጣለው?"

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ እንደገባቸው አወቅሁ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ካድሬው መለሱ።

"እርሻው በኔ እጅ ነው፤ የምጠየቀው እኔ ነኝ" አሉ።

መኪናው ውስጥ አስገቧቸው። መነጽራቸው ከማይክሮስኮፑ አጠገብ ቀርቶ ነበር፤ እሱን እንኳ ሮጬ አላቀበልኳቸውም።

አቧራው ሳይረጋ ዘበኛው መጣ። አሁን አይስቅም።

"ትናገራለህ ወይስ እኔ ልናገርብህ?"

"ልጆች አሉኝ።"

"እሳቸውስ ሜዳ ላይ የበቀሉ መሰለህ? ወላሂ፣ ከዛሬ ወዲያ ሰላምታህንም አልመልስ!"

ሰደብኩት። እናቱን ሁሉ ሳልጠራ አልቀረሁም። እውነቱን ስለነገረኝ ነው የተናደድኩት።

በማግስቱ ጠዋት ከጠቆረው ረድፍ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ መነጽሩንና የዶክተሩን ምላጭ በኪሴ ይዤ በእግሬ ጎባ ሄድኩ። ዶክተሩ የታሰሩበት ጽሕፈት ቤት በር ላይ ጠባቂዎቹ ምላጩን ወሰዱብኝ። ጠረጴዛው ጋ ለተቀመጠው ሰው ነገሩን ሳላጣፍጥ ነገርኩት።

"ገለባውን የጣልኩት እኔ ነኝ። ዶክተሩ አትሸፍን ብለውኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ሸፈንክ?"

"አሳዘነኝ።"

"ወይን አሳዘነህ?"

"አዎ፣ ወይን።"

እምቡጡን በጥርሴ ከፍዬ አረንጓዴዋን አፍንጫው ሥር አስጠጋሁለት። እሱ ግን አላያትም። ተመለስ፣ እንጠራሃለን፣ ዛሬ ስብሰባ አለ አለኝ። አልሄድም አልኩ። ቃሌን ሳትጽፍ፣ ዶክተሩንም ሳታወጣ አልሄድም ብዬ እዚያው በራፉ ላይ እግሬን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።