የእትዬ ዘነበች ቡፌ ዋጋ

ይህ ነገር ይጻፍ የሚባል ነገር መሆኑን እስካሁን እጠራጠራለሁ። ማንም አልሞተበትም፣ ማንም አልታሰረበትም። ቢበዛ አንድ አሮጌ ቡፌ ከአንድ ቤት ወጥቶ ሌላ ቤት የገባበት ታሪክ ነው። ነገር ግን ትናንት ከሰዓት በኋላ ዶርም ቁጭ ብዬ ለሂሳብ ፈተና ሳጠና ስልኬ ላይ አንድ መልእክት ገባ። «ቡፌው አለ? የመጨረሻ ዋጋ?» ይላል። ላኪውን አላውቀውም። ማስታወቂያው እስካሁን እንዳልጠፋም አላወቅሁም ነበር። ፎቶውን ከፍቼ ሳየው ቆየሁ፤ ከዚያ በኋላ ሂሳቡ አልገባ አለኝ።

ባለፈው ዓመት አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከልደታ ማርያም ወደ አብነት ሲኬድ ገባ ብሎ ነው። በዚያ ዓመት ከእኛ ዝቅ ብለው ያሉት የቀበሌ ቤቶች ሊፈርሱ ነው ተባለና ሰዉ ዕቃውን ያወጣና ያገባ ጀመር። አንዱ ኮንዶሚኒየም ደርሶታል፣ አንዱ ከከተማው ዳር ምትክ ቤት ተሰጥቶታል፣ አንዱ ዘመድ ቤት ሊጠጋ ነው። ሁሉም ቤት ውስጥ ግን አዲሱ ቤት የማይገባ አንድ ነገር አለ። ይህን አይቼ ነው ያገለገሉ ዕቃዎች የምሸጥበት ቻናል ስልኬ ላይ የከፈትኩት። ዕቃው የጎረቤት ነው፤ እኔ ፎቶ አነሳለሁ፣ ዋጋ አጠናለሁ፣ ገዢ አገናኛለሁ። እናቴ «ፈተናሽን ብታጠኚ ይሻልሽ ነበር» ትላለች፤ ግን ማታ ማታ «ዛሬስ ምን ተሸጠ?» ብላ የምትጠይቀኝም እሷው ናት።

ዋጋ ማጥናቱ ላይ ጎበዝ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ተመሳሳዩን ዕቃ ሌሎች ቻናሎች ላይ እፈልጋለሁ፣ በጣም ውዱንና በጣም ርካሹን እተዋለሁ፣ ከመሀከለኛው ላይ ለጭረቱም ለዝገቱም እቀንሳለሁ። ችግሩ ዋጋ የሚጽፍ ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። አብዛኛው «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። በውስጥ መስመር ስትጠይቀው ደግሞ «አንቺ ስንት አሰብሽ?» ይልሻል። እኔ ዋጋውን ፊት ለፊት ስጽፍ ሰዎች «የተሰረቀ ነው እንዴ?» ብለው የጠየቁኝ ጊዜ ነበር። ይህ ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ አልገባኝም።

እትዬ ዘነበች ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ጎረቤታችን ናቸው። የእሳቸው ቤት ከሚፈርሱት አንዱ ነው፤ ከግንቦት ልደታ በኋላ እንዲያስረክቡ ተነግሯቸው ነበር። ጾሙ እንደገባ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ከአብነት የገዛሁትን የምስር ሳምቡሳ እየበላሁ በበራቸው ሳልፍ ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ። ያ የምትሸጪበት ነገር፣ ስንት ሰው ያየዋል?»

«አንዳንዱን ብዙ ሺህ ሰው ያየዋል፣ እትዬ።»

«የልደታ ሰው ብቻ ነው ወይስ ክፍለ ሀገርም?»

«ስልክ ያለው ሁሉ ያያል። ሰው ባይገዛም ዕቃ ሲሸጥ ማየት ይወዳል።»

«እንግዲያው ግቢ» አሉና ቡፌውን አሳዩኝ።

የዋንዛ ነው። ከግድግዳው ግማሹን ይዟል። ሁለት የመስታወት በሮችና የናስ እጀታዎች አሉት፤ የግራው መስታወት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዟል። እንጨቱ ሰም የተቀባ ያህል ያብለጨልጫል። ግን ባዶ ነው። ሲኒዎቻቸውና ብርጭቆዎቻቸው በጋዜጣ ተጠቅልለው አልጋ ሥር ካርቶን ውስጥ ናቸው። ለመሄድ ከአሁኑ የጠቀለሉ መሰለኝ፤ ጋዜጣው ግን ከዕድሜ ብዛት ወደ ቡናማነት ተለውጦ ነበር። አይቼው አለፍኩት።

ፎቶ ሳነሳ ስንጥቁ እንዳይታይ በቀኝ በኩል ቆምኩ። እትዬ ዘነበች ትከሻዬን ይዘው ወደ ግራ ገፉኝ።

«ስንጥቁ ይታይ።»

«ዋጋ ይቀንሳል እኮ፣ እትዬ።»

«ይቀንስ። ደግሞ ‹ልደታ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ የዘነበች ቤት› ብለሽ ጻፊበት።»

«የባለቤት ስም አይጻፍም።»

«የእኔ ይጻፍ።»

እንዴት ያሉ ሐቀኛ ሴት ናቸው ብዬ ጻፍኩ።

ዋጋውን ለማጥናት አብነት ያሉ የእንጨት ሥራ ቤቶች ጋ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ሰጋቱራው ረጥቦ መንገዱ ላይ እንደ ገንፎ ተለጥፏል። አንዱን አናጢ «የድሮ የዋንዛ ቡፌ ስንት ያወጣል?» አልኩት። መሰንጠቂያውን ሳያጠፋ «ገዢ ነሽ ሻጭ?» አለኝ። «ማወቅ ብቻ ነው የፈለግሁት» ስለው ማሽኑን አጥፍቶ አየኝ።

«እህቴ፣ ለማወቅ ብቻ የሚሆን ዋጋ የለንም። ከገዛሽ ሃያ አምስት ሺህ። ከሸጥሽ ስምንት ሺህ።»

«ያው ቡፌ?»

«ያው ቡፌ።»

ሁለቱን ይዤ ቤት ገባሁና፣ ስንጥቁንም ትራንስፖርቱንም አስቤ አስራ አራት ሺህ ብር አልኩ። እትዬ ዘነበች «እንዳልሽ» አሉ። ያን ቀን በራሴ ኮርቼ ነው የተኛሁት።

በሳምንቱ አንዲት ሴትዮ መጥታ አየችና ሳትከራከር «እወስደዋለሁ» አለች። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካክለው «ሃያ ነው» አሉ። ሴትዮዋ እኔን አየች፤ እኔ መሬቱን አየሁ። ሄደች። «ያነሰ መስሎኝ ነው» አሉኝ ከሄደች በኋላ። ጥፋቱ የእኔ መሰለኝ። ማስታወቂያውን ወደ ሃያ ሺህ ቀየርኩት።

ከዚያ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ወጣት መጣ። ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ነው። እጮኛው የድሮ ዕቃ ትወዳለች። ቡፌውን በእጁ እየዳሰሰ «ሃያ እከፍላለሁ፣ ስንጥቁን ራሴ አሠራዋለሁ» አለ። እትዬ ዘነበች ሻይ አፈሉለት፣ ስለ እጮኛው ጠየቁት፣ መረቁት። በመጨረሻም «ልጄ፣ ሠላሳ ሆኗል» አሉት።

ልጁ በር ላይ ሲሰናበተኝ «ጀለሴ፣ እማማ አይሸጡም» አለ። «ታዲያ ለምን ያስለጥፉሻል?»

 እኔም እኮ እሱኑ ነበር የማስበው። ገንዘብ ወድደው እንዳይባል ከካርቶኑ ሲኒ አውጥተው ለመጣው ሁሉ ሻይ ይቀዳሉ። መሸጥ አይፈልጉም እንዳይባል ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለተሰጣቸው ጠባብ ቤት ይህ ቡፌ በደረጃው እንደማያልፍ ያውቃሉ። ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ «ገዢ መጣ?» ብለው አይደለም፤ «ስንት ሰው አየው?» ብለው ነው። ለእናቴ ነገርኳት። «እርጅና ነው» አለች፤ ቆየት ብላ ደግሞ «ዘነበች ግን እንዲህ አይደለችም» አለች። ሁለቱ አልገጠሙልኝም። ሰውን ማስደሰት የምወድ ልጅ ነኝ፤ ሰውየውን የሚያስደስተውን ካላወቅሁ ግን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ፋሲካ አለፈ። ሁለት ቤቶች ፈረሱ። አቧራው የእኛ ልብስ ማስጫ ድረስ ይመጣ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የወጣት ወንድ ድምፅ ነው።

«ስለ ቡፌው ነበር። የግራው መስታወት ነው የተሰነጠቀው?»

ዋጋ ሊያስቀንስ ነው ብዬ ፈጠንኩ። «አዎ፣ ለስንጥቁ አንድ ሺህ ብር እቀንሳለሁ።»

«አይ፣ ለዚያ አይደለም። አያቴ ናት ጠይቅ ያለችኝ።»

«ለአያትህ ከሆነ ሁለት ሺህም ይቻላል።»

ሳቀ። «አያቴ ‹የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ፣ ሽሮ ድስት አንሸራትቶኝ› እያለች ነው። የምደውለው ከኮምቦልቻ ነው። ከድጃ በሏት አለች።»

ዝናቡ እየዘነበ ያለ ጥላ ሮጥኩ። እትዬ ዘነበች ሽንኩርት ይልጡ ነበር። «ከድጃ የሚባሉ ሰው ከኮምቦልቻ...» ስል ቢላዋውን አስቀመጡና አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ራሷ አለች?»

«አሉ። ሊያናግሩዎት ይፈልጋሉ።»

ያኔ ነው የነገሩኝ። ወይዘሮ ከድጃ እኔ ሳልወለድ ጎረቤታቸው ነበሩ፤ ከባላቸው ጋር ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ባላቸው ታመው ሲሞቱ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ወሎ ተመለሱ። ቡፌው መኪናው ላይ አልወጣ ሲል እዚህ ቤት አስገብተውት ሄዱ። ከዚያ ስልኩም ጠፋ፣ ሰውም ጠፋ።

«የአደራ ዕቃ ነዋ» አሉ እትዬ ዘነበች። «ቤቱ ሲፈርስ የት ላድርገው? ተሸክሜው አልሄድ፣ አልሸጠው።»

«ታዲያ ‹ከድጃን የምታውቁ› ብለን አንለጥፍም ነበር?»

«ይህን ማን ያነባል? ዕቃ ሲሸጥ ሰው ሁሉ ያያል ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

እና የሲኒዎቹ ካርቶን ያኔ ገባኝ። በሰው ቡፌ ውስጥ የራሳቸውን ሲኒ አንድ ቀን እንኳ አላስቀመጡም።

ወይዘሮ ከድጃ የመጡት በግንቦት ልደታ ዕለት ነው። በዚያ ቀን ሰፈራችን ደጅ ላይ እሳት ያነዳል፤ ንፍሮው የሚቀቀለውም የሚበላውም ውጭ ነው። ቤቱ ሊፈርስ ስለሆነ የሰፈሩ ወንዶች ቡፌውን አውጥተው አጥሩ ሥር አቁመውት ነበር። ወይዘሮ ከድጃ ቀጭን ሴት ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ክንድ ይዘው መጡ። ሁለቱ ተቃቅፈው ቆዩ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ዞር አልኩ። ስመለስ እየተጣሉ ነው።

«ውሰጂ ንብረትሽን» ይላሉ እትዬ ዘነበች።

«የምን ንብረት? ላንቺ ነው የተውኩት። ሰውዬዬ ሲታመም ያገላበጥሽው አንቺ ነሽ።»

«መቼ ነገርሽኝ?»

«እንዴት ልንገርሽ? ብነግርሽ ትቀበይኝ ነበር?»

«አልቀበልሽም።»

«ይኸው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት እንደ ጅል አቧራ ስጠርግልሽ...»

«እኔ ደግሞ ስንት ቀን ‹ዘነበች ሲኒዋን እንዴት አድርጋ ደርድራበት ይሆን› እላለሁ።»

ያን ጊዜ እትዬ ዘነበች ወደ ቤት ገቡ። ካርቶኑን ይዘው ወጡ። ጋዜጣውን እየፈቱ ሲኒዎቹንና ብርጭቆዎቹን መደርደሪያው ላይ አንድ በአንድ አቆሙ፤ ወይዘሮ ከድጃ ከካርቶኑ እያወጡ ያቀብሏቸው ነበር። መንገድ ላይ፣ ከጭሱ አጠገብ፣ ቡፌው ሙሉ ሆነ። ጎረቤቱ ንፍሮውን በሳህን እየያዘ ከላዩ ላይ ያስቀምጥ ነበር።

«አሁን የኔ ነው?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ያንቺ ነው።»

«እንግዲያው እሸጠዋለሁ። ያን ሙሽራ ጥሪው» አሉኝ።

ልጁ ከሰዓት በኋላ ፒካፕ ይዞ መጣ፤ አግብቷል። ቀጥታ ወደ እኔ ዞሮ «ስንት ላይ ቆመ?» አለ። አስራ አራት፣ ሃያ፣ ሠላሳ፤ ስምንትና ሃያ አምስትም አሉ። ወደ እትዬ ዘነበች ጠቆምኩት። ሁለቱ ሴቶች እጁን ይዘው ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱትና ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው አወሩ። ልጁ ሳቀ፣ ቦርሳውን አወጣ። በኋላ «ስንት ከፈልክ?» ብዬ ስጠይቀው «እንዳትናገር ተብያለሁ» አለኝ። እትዬ ዘነበችን ጠየቅኋቸው። «ፈተናሽን አጥኚ» አሉኝ።

አሁን እሳቸው ከከተማው ዳር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። በስልክ ከወይዘሮ ከድጃ ጋር በየቀኑ ይነታረካሉ አሉ። እኔ እዚህ ስለ ፍላጎትና አቅርቦት እየተማርኩ ነው። መምህራችን ዋጋ የሚወሰነው ገዢና ሻጭ ሲስማሙ ነው ሲሉ በደብተሬ ጽፌዋለሁ፤ ግን የዚያ ቡፌ ዋጋ ስንት እንደነበር ቢጠይቁኝ እጄን አላወጣም።

ትናንት ለጠየቀኝ ሰው መልስ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። «የለም» ብዬ ጻፍኩና ማስታወቂያውን ከማጥፋቴ በፊት ፎቶውን ለራሴ አስቀረሁት። «መቼ ተሸጠ?» ብሎ ጠየቀ። ይህችን እንኳ አውቃታለሁ፤ ግንቦት አንድ ቀን፣ በልደታ ዕለት።