እማማ አንጓች ጣታቸውን የከለከሉበት ቀን

ሰኞ ዕለት ሰይድ ደወለልኝ። እኔ በምኖርበት ደብረ ታቦር ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ሁለት ጊዜ «ምን አልክ?» ብዬ አስደገምኩት። የንፋስ መውጫው ክበባችን ዘንድሮም የዓመቱን መዝጊያ በጳጉሜን ያከብራል፤ የክብር እንግዳ ሆኜ ንግግር እንዳደርግ ፈልገዋል። «አንቺ እኮ የእኛው ነሽ፣ ትርንጎ። ግጥምም ታነቢልናለሽ» አለኝ። ላስብበት ብዬ ዘጋሁት። «የክብር እንግዳ» ሲባል ዛሬም መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ የተቀመጠ የማኅተም ቀለምና ወደ ቀለሙ አልወርድ ያለ የአንዲት እናት አውራ ጣት ነው።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። አሥረኛ ክፍል ላይ ውጤት አልመጣልኝ ሲል ንፋስ መውጫ ዋናው መንገድ ዳር ካለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ማመልከቻ እተይብ ነበር። የድንበር ክርክር፣ የቀለብ ክስ፣ የዝውውር ጥያቄ፣ የጠፋ መታወቂያ። ሰው በቆመበት ጉዳዩን ይነግረኛል፣ እኔ ወደ ማመልከቻ ቋንቋ እለውጠዋለሁ። በመሐል የተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ግጥም እሞነጫጭራለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ስለዚህም ማንም የሚያርመኝ አልነበረም። በጣም ጎበዝ እንደሆንኩ አምን የነበረውም ለዚሁ ይመስለኛል።

ክበባችን የሰፈሩ ወጣቶች በየክረምቱ የአቅመ ደካማ ሰዎችን ቤት የምናድስበት ነበር። ሊቀ መንበራችን የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ሰይድ ነው፤ ደብዳቤ ጸሐፊዋ እኔ። በዚያ ክረምት ስድስት ቤት አደስን። ጭቃውን ያቦካነውም ግድግዳውን የመረግነውም እኛው ነን፤ ቆርቆሮው ግን የመጣው ከአቶ መኳንንት ነው። አቶ መኳንንት ንፋስ መውጫ ተወልደው ባሕር ዳር የሚኖሩ ሰው ናቸው። ለእርሳቸው ደብዳቤ ጻፍን፣ እርሳቸው ጓደኞቻቸውን አስተባበሩ፣ ቆርቆሮው በአይሱዙ መጣ። ለዓመቱ መዝጊያ በእንግድነት የጠራናቸውም ለዚህ ነው።

ከስድስቱ ቤቶች አንዱ የእማማ አንጓች ነበር፤ ከእኛ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ስለሚቆም መንገዱን ተሻግሬ እርሳቸው ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ። የገብስ ቆሎ በእፍኛቸው ይሰጡኛል፤ ስለ ልጃቸው ስለ ፈንታሁንም ያወሩኛል። ፈንታሁን ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በሰው በኩል ነጠላ ልኮ ነበር። ከዚያ በኋላ ወሬውም ጠፋ። እማማ ግን ከሁመራ የሚመለስ ሰው ሁሉ በዚያ መንገድ ያልፋልና፣ ፀሐይ ቢሆን ዝናብ ከደጃቸው አይነሡም።

ጥርጣሬዬ የጀመረው ከበዓሉ በፊት በነበረው ቅዳሜ ነው። አቶ መኳንንት አንድ ቀን ቀድመው መጡ። በመስኮት ሳያቸው በእማማ አንጓች ደጅ ላይ ቆመዋል። ከግድግዳው ጥግ ተነሥተው ወደ መንገዱ በእርምጃ ይለካሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይቆጥራሉ። ተመልሰው በሌላው ጎን ለኩ። በስልካቸው ቤቱን ከፊት፣ ከጎን፣ ከጀርባ አነሡት። ጎረቤትየውን ጠርተው አጥሩን በእጃቸው እያሳዩ አንድ ነገር ጠየቁ። በዚያ ሰሞን መንገድ ዳር ያለ ቦታ ሊፈለግ ነው የሚል ወሬ በከተማው ይናፈስ ነበር። ቆርቆሮ የሰጠ ሰው ደጅ የሚለካው ለምንድን ነው?

አቶ መኳንንት ሲሄዱ ሥራዬን ጥዬ ተሻገርኩ። እማማም አይተዋል።

«ይኼ ሰውዬ ምን ይለካል?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«እንጃ፣ እማማ።»

«ለእኔም ሰላምታ ሰጥቶኝ ነው የሚለካው። ሳይሰጠኝ ቢለካ ይሻለኝ ነበር።» ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነገ አዳራሽ መጥተው ወረቀት ላይ ጣትዎን ያደርጋሉ ብለውኛል ልጆቹ። ቤት አድሶ ጣት የሚጠይቅ ከየት የመጣ ነው?»

«የርክክብ ወረቀት ነው። ቤቱ መታደሱን ለማረጋገጥ ነው።»

«አንቺ አይተሽዋል?»

«እኔ ነኝ የተየብኩት።»

«ታዲያ ምን ይላል?»

«ቤቴ ታድሶ ተረክቤያለሁ ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም።»

ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። «እኔማ ምን ቀረኝ። ፈንታሁን ሲመጣ የት ይገባል? ቤቱን በጣቴ አሳልፌ ሰጥቼ ብጠብቀው ምን እለዋለሁ? እሱን ነው የምፈራው።»

«እኔ እያለሁ ማንም አይነካዎትም» አልኩ። ደግሞም አምኜበት ነው ያልኩት። ወደ ሥራዬ ተመልሼ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ግጥም ጻፍኩ። ለነገው በዓል ያዘጋጀሁትን የምስጋና ግጥም ቀድጄ ጣልኩና፣ በአዲሱ ውስጥ እንግዳውን በሕዝብ ፊት አጋልጣለሁ አልኩ።

ቆርቆሮ አልብሶ ሲስቅ እንግዳችን፣
ዓይኑ ያረፈበት ደጅ ነው መሬታችን።

እያለ ይቀጥላል። ያኔ ከዚህ የተሻለ ግጥም በእኛ በጋይንት ምድር ላይ የተጻፈ አይመስለኝም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ወንበሩ በባጃጅ ነው የመጣው፤ የእያንዳንዱ እግር በጭቃ ተለውሷል። ነፋሱ በተሰበረው መስኮት እየገባ በኮርኒሱ ላይ የሰቀልነውን ባለ ቀለም ወረቀት ያርገበግበዋል። ስጋ አልነበረም። ክበባችን ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም ስላለ ሁለት በግ አርዶ በሁለት ድስት ከመሥራት፣ ሰይድ «ድንች ሃይማኖት የለውም» ብሎ ገላገለን። የተቀቀለ ድንች በዳጣ፣ ትኩስ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ለስላሳ። የዚያ አገር የክረምት ድንች ልጣጩን ለቆ ሲፈርስ የሚሸተው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

ስድስቱ ባለ ቤቶች ከፊት ተቀምጠዋል። እማማ አንጓች የታጠበ ነጠላ ለብሰዋል፤ ቀኝ እጃቸውን በነጠላው ውስጥ ጠቅልለው ይዘዋል። ድንች ሳቀርብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይበሉም እንዴ?»

«መጀመሪያ ልስማ። ከበላሁ በኋላ እንቢ ማለት ያሳፍረኛል።»

አቶ መኳንንት ተነሡ። ልጠላቸው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ድምፃቸው ግን ዝግ ያለ፣ ብዙ ሰው ፊት መናገር ያልለመዱ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው በዚህ ከተማ ያሳለፉትን ክረምት አወሩ። እኔ እያንዳንዱን ቃል ስህተት ፍለጋ አበጥራለሁ። ከዚያ «ትናንት የእማማ አንጓችን ደጅ በእርምጃዬ ለካሁ» አሉ። እጄ ኪሴ ውስጥ ግጥሙን ጨበጠ። «ለውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ይበቃ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው። እግዜር ከፈቀደ ለስድስቱም ቤት እናመጣለን።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እማማ አላጨበጨቡም፤ አንድ እጃቸው ተጠቅልሎ እንዴት ያጨበጭባሉ። እኔም አላመንኩም። ለሮቶ ያን ያህል ፎቶ ምን ያደርጋል እያልኩ አሰብኩ። ሰው አንዴ መጠርጠር ከጀመረ መልስ ሲያገኝ ቅር ይለዋል።

ከዚያ አቶ መኳንንት ከኮታቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ጓደኞቼ እጃቸውን የዘረጉት ይህን ደብዳቤ ሳነብላቸው ነው። ማን እንደጻፈው አላውቅም፤ የጻፈው ሰው ግን እጁ ይባረክ። እስቲ ስሙት፦ ‹እማማ አንጓች ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው፣ ልጅም ዘመድም ያልፈጠረላቸው፣ ከዝናብ በቀር ደጃቸውን የሚያንኳኳ እንግዳ የማያውቁ ብቸኛ እናት ናቸው።›»

«ከዝናብ በቀር» የሚለው ላይ ሲደርሱ ነው ያወቅኩት። የእኔ ነው። ስጽፈው እንዴት ደስ እንዳለኝ፣ ብድግ ብዬ ለብቻዬ ጮክ ብዬ እንዳነበብኩት ሁሉ ትዝ አለኝ። «ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው» የሚለው በምንተይበው ማመልከቻ ሁሉ ላይ ያለ ነው፤ ጣቴ ሳላዘው ይጽፈዋል። «ልጅም ዘመድም ያልፈጠረላቸው» የሚለውን ግን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ዓረፍተ ነገሩ ጎደለብኝ ብዬ። ይኸው ዓረፍተ ነገር ተገልብጦ የርክክቡ ወረቀት ራስጌ ላይም ገብቷል፤ ትናንት «ሌላ የለውም» ስላቸው እንደ ቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር። እማማ ጣታቸውን የሚያሳርፉት ከእሱ ሥር ነበር።

እማማ አንጓች ተነሡ።

«ማነው ልጅ የለኝም ያለው?»

ሰይድ ሮጦ ሄደ። «እማማ፣ ይቀመጡ። የአጻጻፍ ነገር ነው፤ እንዲህ ነው የሚጻፈው።»

«እንዲህ ነው የሚጻፈው? ያለ ልጅ የለም ተብሎ? ፈንታሁን የሚባል ልጅ አለኝ። ጣትዎን ያድርጉ ያላችሁኝ ለዚህ ነው? ልጄ የለም ብዬ እንድፈርም?»

አቶ መኳንንት ወረቀቱን አንዴ፣ እማማን አንዴ፣ ሰይድን አንዴ አዩ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት፤ ከትናንት ጀምሮ እኔ ፊት ላይ የነበረው ጥርጣሬ አሁን እርሳቸው ፊት ላይ ሆነ።

«ልጅ አላቸው እንዴ?» አሉ። «የሌሎቹ የአምስቱስ? እሱም እንዲሁ ነው የተጻፈው? እኔ እኮ ይህን ይዤ ነው ሰው ፊት የቆምኩት።»

የክበቡ ልጆች ሁሉ ድንቹን ያያሉ። ዝም ብል እማማም እንግዳውም አያውቁብኝም ነበር፤ ደብዳቤው ስም የለውም፣ የክበቡ ልጆችም አያጋልጡኝም። ግን እማማ ከቤታቸው ሊወጡ፣ ቆርቆሮውም ሊነሣ የሚችል መሰለኝ። ብድግ አልኩ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። መጀመሪያ ያልሰሙኝ መሰሉ።

«አንቺ? ደጄ ቁጭ ብለሽ ስለ እሱ ስነግርሽ የኖርሽው አንቺ?»

«ረስቼው ነው» ልል ነበር። «አልረሳሁትም፣ እማማ። ጥሩ ሆኖ እንዲነበብ ብዬ ነው።»

እንደሚቆጡኝ ጠበቅኩ። አልተቆጡም፤ ወደ ጠረጴዛው ሄደው የርክክቡን ወረቀት በግራ እጃቸው ገለበጡት።

«ጥሩ ትጽፋለች ይሉሻል። እስቲ አለ ብለሽ ጻፊ።»

ቆሜ በእጄ ጻፍኩ። ፈንታሁን የሚባል ልጅ እንዳላቸው፣ ለሥራ ሁመራ እንደሄደ፣ ቤቱ የእርሳቸውና የእሱ እንደሆነ፣ ጣራው መታደሱን። እንደዚያ የደረቀ ነገር ጽፌ አላውቅም። ላነብላቸው ስል ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት።

«አንቺ አይደለሽም የምታነቢው።»

ለሰይድ ሰጡት፤ አነበበ። ወስደው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ለሆነች ልጅ ሰጧት፤ አነበበች። ከዚያ ለአቶ መኳንንት። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ሦስቱም ያሉት አንድ ሲሆንላቸው ብቻ እማማ ቀኝ እጃቸውን ከነጠላው አወጡ፣ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫኑና ከፈንታሁን ስም ሥር አሳረፉት። ከዚያ ተመልሰው ቁጭ አሉ። «አሁን ድንቹን አምጡ» አሉ።

አቶ መኳንንት ወረቀቱን አጥፈው ያዙ። «ለጓደኞቼ እወስድላቸዋለሁ። ምን እንደሚሉ ግን አላውቅም» ብለው ሳይበሉ ሄዱ። ቆርቆሮውን ማንም አልነካውም። ሮቶው ግን ለእማማም ለሌሎቹም አልመጣም። በእኔ ደብዳቤ ምክንያት ይሁን፣ መጀመሪያውኑ የማይመጣ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። አንዳንድ ቀን አንዱን እጠረጥራለሁ፣ አንዳንድ ቀን ሌላውን። የሌሎቹ አምስት ሰዎች ዓይን ግን እኔን ብቻ ነበር የሚጠረጥረው። ግጥሙን በዚያው ሰሞን ቀደድኩት።

ከዚያ በኋላ እማማ ሰላምታ አልነሱኝም፤ መብራት ሲጠፋ ቆሎውንም ይሰጡኝ ነበር። ወረቀት ግን ሌላ ነገር ሆነ። የመብራት ደረሰኝ ይሁን የጤና ጣቢያ ካርድ፣ በእጃቸው የገባውን ሁሉ መጀመሪያ እኔ ጋ ያመጡታል፤ አነብላቸዋለሁ፤ «ተባረኪ» ይሉኛል፤ ከዚያ በዓይኔ ሥር ከእኛ በታች ወዳለው ሌላ ጽሕፈት ቤት ይወስዱታል። ሲመለሱ በመስኮት ያዩኝና «ልክ ነው» ይላሉ። ከተማውን እስክለቅ ድረስ አንድም ወረቀት በእኔ ቃል ብቻ አላመኑም። ፈንታሁንም እስክለቅ ድረስ አልመጣም።

አሁን ደብረ ታቦር የራሴ ጽሕፈት ቤት አለኝ። ለሰይድ እመጣለሁ ብዬዋለሁ፤ ግጥም ግን አላነብም አልኩት። ዛሬም ሰው ቆሞ ጉዳዩን ይነግረኛል፣ እኔም እተይባለሁ፤ ጣቴ ዛሬም ሳላዘው ወደ ለመደው ቃል ይሮጣል። ጨርሼ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ አትሜ እሰጣለሁ፣ ከዚያ «ከመፈረምዎ በፊት ሌላ ሰው ጋ ወስደው ያስነብቡት» እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል። ባለፈው ሳምንት አንድ ገበሬ «ምነው እቴ፣ ራስሽን አታምኚም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። የመሬት ክርክር ነበር፤ መጨረሻው ላይ እንባ የሚያመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌለት በጣም ወድጄዋለሁ።

«አይ፣ ይህንንማ ሁለት ሰው ጋ ያስነብቡት» አልኩት።