ያልተለቀሰለት ልጅ

እህቴ መሞት እንደምትፈልግ ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። ምክንያቱን ደግሞ እሷን ሳይጠይቅ ሁሉም ይተነትነው ነበር።

አንድ ልጇን በዚያ ቀውጢ ጊዜ ገደሉባት። ሬሳውን እንኳ አልሰጧትም። ልጁን ከቤት ያስወሰደው የቀበሌው ካድሬ ራሱ ተመልሶ መጣና፣ ለፀረ አብዮተኛ አይለቀስም፣ ጥቁር አይለበስም፣ ድንኳን አይተከልም ብሎ አስጠነቀቀን። እድሩ ድንኳኑን ጠቅልሎ ዝም አለ። ምን ያድርጉ፣ እነሱም ልጆች አሏቸው እያልኩ ልፈርድላቸው እሞክራለሁ፤ አንጀቴ ግን እስከ ዛሬ እምቢ ይላል።

ጎረቤቶቻችን መምጣቱንስ መጡ። ግን ለቅሶ ደረሱ እንዳይባሉ ፈርተው፣ በሽተኛ ጠያቂ መስለው። በንፍሮ ፋንታ ብርቱካን ይዘው። «እግዜር ያጥናሽ» ማለት ሲገባቸው፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እግዜር ይማርሽ!» ይሏታል። እሷም አልጋዋ ላይ ተቀምጣ «አሜን» ትላለች። እንዲህ ሲሏት ሲሏት እውነትም ታመመች።

መብላት ተወች። «ምነው እኔንም በወሰደኝ» ማለት አበዛች። አንድ ቀን የልጇን ሸሚዞች እያጣጠፈች፣ «ስሞት አንቺም እንዳታለቅሺ ይከለክሉሽ ይሆን?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከአጠገቧ መራቅ ፈራሁ፤ ውሃ ልቀዳ እንኳ የምወጣው ሰው አስቀምጬ ነበር።

ያኔ ነው አዋቂ የበዛብን! ካድሬው ከፖለቲካ ትምህርት ቤት ገና መመለሱ ነበርና፣ በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ እሷኑ አስነሥቶ፣ ራስን ለማጥፋት ማሰብ የንዑስ ከበርቴ ግለኝነት ነው፣ መድኃኒቱም ከሰፊው ሕዝብ መቀላቀል ነው ብሎ አስተማረባት። እስቲ ይታያችሁ፣ ልጇን ያስወሰደው ሰውዬ! የንስሐ አባታችን ክፉ መንፈስ ነው ብለው ጠበል አዘዙ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደግሞ ነርቭ ነው አለና የቫይታሚን መርፌ ወጋት። ሁሉም ያወራው ስለ እሷ ነበር፤ ስለ ልጁ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

በመጨረሻ ንዴቱ ገነፈለብኝና ፊት ለፊት ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። መሞት ትፈልጊያለሽ?»

«መሞቱን መች ፈለግሁት» አለች። «ልጄ እንዳልሞተ ሆኜ መኖር ነው ያቃተኝ።»

ከዚህ ወዲያ ምን ትንታኔ ያስፈልጋል?

ብዙም ሳይቆይ የካድሬው እናት ሞቱ። ድንኳን አይተከልም ያለው ጀግና እዚያው ሰፈራችን መንገድ የሚዘጋ ድንኳን አስተከለ። እህቴ ይህን ስትሰማ ከአልጋዋ ወረደች፤ ፊቷን ታጠበችና ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰች።

«አብደሻል? ከዚያ ሰውዬ ቤት?»

«ቀበሌው የፈቀደው ድንኳን እሱ ብቻ ነው» አለችኝ።

ሴቶቹ መካከል ገብታ ደረቷን መታች። «ልጄን! ልጄን!» ብላ ጮኸች። ካድሬው ደጅ ከወንዶቹ ጋር ቆሟል። የሰፈራችን ሴቶች ግን እርስ በርስ ተያዩና አንድ ላይ ተነሥተው ጩኸቷን በጩኸታቸው ሸፈኑላት። ሲደክማት አስቀመጧት። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ እያሉ፣ በሹክሹክታ፣ «እግዜር ያጥናሽ» አሏት። ንፍሮ ሰጧት፤ በላች።

ካድሬው እጇን ጨብጦ አመሰገናት። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ፣ ጓዲት ግለኝነቷን አሸንፋ ከሰፊው ሕዝብ ተቀላቅላለች፣ ንድፈ ሐሳባችን በተግባር ተረጋገጠ ብሎ አስጨበጨበላት። እሷም አጨበጨበች።

ወደ ቤት ስንመለስ እኔ እየተሳደብኩ ነበር። እሷ ግን ረጋ ብላ፣ «እናቱን ነፍሳቸውን ይማር» አለች። «ልጄን የቀበርኩት በእሳቸው ድንኳን ነው።»