«አዲስ» የሚለው ቁልፍ

ካርድ ክፍል ሥራ የጀመርኩት በሰኔ ዝናብ፣ ጫማዬ ጭቃ እንደያዘ ነው። ከኢንጅባራ በሚኒባስ ዳንግላ መጣሁ፤ ከመናኸሪያው እስከ ክሊኒኩ በጋሪ ሄድኩ። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ታደለ ቀና ብለው ጫማዬን አዩና «መጀመሪያ ጥረጊው፤ እዚህ የሚያዘው ወረቀት ነው» አሉኝ። እንኳን ደህና መጣሽ የሚባል ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ የበሽተኛ ፎልደር መፈለግ ነበር። አቶ ታደለ ቁጥሩን ነግረውኝ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ፎልደሩ በቦታው የለም። እስከ ምሳ ሰዓት መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አተራመስኩት። በመጨረሻ ሁለት አኃዝ ተገለባብጦ የማይመለከተው መደርደሪያ ውስጥ ተሰክቶ አገኘሁት። ፍለጋ ሊያስተምሩኝ ሆን ብለው የደበቁት እሳቸው ራሳቸው እንደነበሩ ያወቅሁት ከዓመት በኋላ ነው። ያን ቀን ባውቅ ኖሮ ጥዬላቸው እሄድ ነበር።

ሥራው ለውጭ ሰው ቀላል ይመስላል። በሽተኛው በመስኮት ይመጣል፤ ስሙን ትጠይቃለህ። ከዚህ በፊት ታክሞ ከሆነ ከማውጫው ሳጥን ስሙ ያለባትን ትንሽ ካርድ ታወጣለህ፣ በእሷ ላይ ባለው ቁጥር ፎልደሩን ከመደርደሪያ ትስባለህ፣ ሐኪም ጋ ትልካለህ። ታክሞ የማያውቅ ከሆነ አዲስ ይከፈትለታል። ችግሩ ታክሞ የማያውቅ መሆኑን በምን ታውቃለህ ነው።

በእኛ አገር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሏም ጎረቤቱም በዚሁ ነው የሚጠራት፤ የልጅነት ስሟ እናቷ ጋ ይቀራል። አማትየዋ መስኮት ላይ ስትናገርላት ደግሞ፣ ከስሟ ቀጥላ የምትሰጠው የልጅቷን አባት ሳይሆን የራሷን ልጅ ስም ነው። ማንም አልዋሸም። ግን ድሮ በአንድ ስም የታከመችው ልጅ በሌላ ስም ተመልሳ ትመጣለች፤ የድሮው ፎልደሯ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ይቀራል።

አቶ ታደለ ይህን ስለሚያውቁ ያገባች ሴት ሁሉ «በእናትሽ ቤት ማን ይሉሽ ነበር?» ተብላ ትጠየቅ ነበር። መልሱን በማውጫው ካርድ ጥግ ላይ በእርሳስ እንጽፋለን። አንዳንዷ ትስቃለች። አንዳንዷ ዞር ብላ አማቷን ታያለች። ስሙን ማን እንዳወጣላት፣ ለምን እንዳወጣላት ተርካ የማትጨርስም አለች፤ ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል።

አቶ ታደለ ጡረታ ሲወጡ ኃላፊነቱ ለእኔ ደረሰ። በዚያው ሰሞን መናኸሪያው አጠገብ ሌላ ክሊኒክ ተከፈተና አግዳሚ ወንበሮቻችን ባዶ መዋል ጀመሩ። የእኛ ክሊኒክ ባለቤት ዶክተር አንተነህ ምክንያቱን ከባለጋሪዎች እንድጠይቅ ላኩኝ፤ የገጠሩን ሰው የት እንደሚያወርዱት የሚወስኑት እነሱ ናቸውና። አንዱ ልጓሙን እንደያዘ፣ «እዚያ ቶሎ ይጨርሱለታል። ሰው ሳይመሽ አገሩ መግባት ይፈልጋል። እናንተ ጋ እኮ ስም ሲጠየቅ ፀሐይ ትጠልቃለች» አለኝ። ተናደድኩ፤ ግን አልዋሸም።

ዶክተር ሰበሰቡን። «ከእንግዲህ የምንወዳደረው በፍጥነት ነው» አሉ። «በሽተኛው ከመስኮት ተነሥቶ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሐኪም ፊት መቀመጥ አለበት።» ለዚህም ከባሕር ዳር ናሆም የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ አመጡ። ጨዋ ልጅ ነው፤ የምንለውን ያዳምጣል። የማውጫውን ስሞች ተጋግዘን ወደ ኮምፒውተሩ አስገባን። ፎልደሮቹ በማዳበሪያ ጆንያ እየታሰሩ ወደ ኋላው ዕቃ ቤት ሄዱ፤ ከዚያ የሚወጣው ኮምፒውተሩ ላይ ስሙ የተገኘ ሰው ፎልደር ብቻ ነው።

ናሆም ቅጹን ሲያሳየኝ፣ «ሁለተኛው ስም የሚጻፍበት የታለ?» አልኩት።

«የምን ሁለተኛ ስም?»

አስረዳሁት። ገረመው። «አንድ ሳጥን መጨመር ቀላል ነው፤ ዶክተር ከፈቀዱ ዛሬውኑ እጨምርልዎታለሁ» አለኝ።

ዶክተር ዘንድ ሄድን። «ሙሉ፣ አንድ ሳጥን በጨመርን ቁጥር አንድ ደቂቃ ይሄዳል» አሉ።

«ሴቶቹ ግን ሁለት ስም አላቸው፣ ዶክተር።»

«ይኑራቸው። ዛሬ የመጡበትን ጻፊ።»

ጻፍኩ። ቅጹ ላይ ሌላም ነገር ነበር። የማይስማማው መድኃኒት አለ ወይ በሚለው ጥያቄ ላይ «የለም» የሚለው መልስ አስቀድሞ ተሞልቶ ይመጣል፤ አለ የሚል ሰው ካልመጣ በቀር ማንም አይነካውም። ይህም ጊዜ ለመቆጠብ ነው። በጊዜው ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ዓርብ የእያንዳንዳችን ደቂቃ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ጀመር። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሆነን ነበር የምንሠራው። ኃላፊዋ እኔ መጨረሻ ወጣሁ፤ እየፈለግሁ፣ እየጠየቅሁ ስለምቆይ ነው። በሁለተኛው ዓርብም መጨረሻ ወጣሁ። ከሥሬ የምትሠራው አበባ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ «እትየ ሙሉ፣ ምን ያደክምዎታል? አዲስ የሚለውን ይጫኑት፤ ወዲያው ቁጥር ይሰጣል» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ፍለጋው ኔትወርክ በደከመ ቁጥር ይሽከረከራል፤ ሁለት ጥሩነሽ ካሉ ሁለቱንም ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። «አዲስ» ግን ምንም አይጠይቅም። መጀመሪያ ሰልፉ ሲረዝም ብቻ እጫነው ነበር። በኋላ ሰልፍ ባይኖርም እጄ ወደዚያ ይሄዳል። በሁለተኛው ወር ሰሌዳው ላይ አንደኛ ወጣሁ። ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሽ።

ከእኔ የበለጠ ደስ ያላቸው ዶክተር ናቸው። ኮምፒውተሩ በየወሩ የአዲስ በሽተኞችን ብዛት በየአገሩ ከፍሎ ያወጣላቸዋል። «አያችሁ፣ ሰዉ ወደ እኛ እየተመለሰ ነው» ይሉናል። በተለይ በኢንጅባራ በኩል ከሚመጣው ሰው ብዙው አዲስ ሆኖ ተገኘ። እዚያ ቅርንጫፍ ለመክፈት አሰቡና ቤት ማፈላለግ ጀመሩ። እኔ ያ ቁጥር ከየት እንደመጣ ጠርጥሬ ነበር። የጠረጠርኩትን ለመናገር ግን ቁልፉን የሚጫነውን የራሴን ጣት ማንሣት ነበረብኝ፤ ተመልሼ መስኮቴ ላይ ተቀመጥኩ።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት አንዲት ሴትዮ ምራቷን ደግፋ መስኮቴ ፊት ቆመች። ልጅቷ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። በነጠላ ተሸፋፍናለች፤ ትስላለች፤ ትኩሳቷ በመስኮት ይሰማል።

«ስሟ ማን ነው?» አልኩ።

«የኔወርቅ በሏት፣ ልጀ» አለች አማትየዋ።

«ከዚህ በፊት እዚህ ታክማለች?»

«ኧረ የት ታውቀዋለች! እኔ ቤት ከገባች ገና መንፈቋ ነው።»

ልጅቷ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። እኔም አየኋት። ይህን ፊት አውቀዋለሁ አልኩ በሆዴ። ከየት እንደሆነ ግን አልመጣልኝም። ከኋላቸው ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ጥያቄው ምላሴ ላይ ነበር፤ ልጅቷ አፏን የምትከፍት እየመሰለኝ «አዲስ» የሚለውን ተጫንኩ። ቁጥር ሰጠኝ። «ሦስት ቁጥር ክፍል ግቡ» አልኳቸው።

ሐኪሙ ሳንባዋ ቆስሏል አለና የፔኒሲሊን መርፌ አዘዘላት። ነርሷ የማይስማማት መድኃኒት መኖር አለመኖሩን በኮምፒውተሩ አየች፤ «የለም» ይላል። ለአፍ ያህል ልጅቷንም ጠየቀቻት። የመለሰችው አማትየዋ ናት፤ «ኧረ ጤነኛ ናት፤ ብርድ ነው የመታት» አለች። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። አዲስ ሙሽራ በአማቷ ፊት፣ እኔ ድሮም በሽታ ነበረብኝ ብላ የምታስተባብልበት አገር አይደለም።

ተወግታ ስትወጣ መተላለፊያው ላይ አንገቷን ማከክ ጀመረች። ከንፈሯ አበጠ። ትንፋሿ ሲር ሲር አለና ግድግዳውን ተደግፋ ወረደች። ጩኸቱን ሰምቼ ስወጣ ነጠላዋ ወድቋል። ያን ጊዜ አወቅኋት። ከሦስት ዓመት በፊት ከአዲስ ቅዳም በኩል እናቷ ያመጣቻት ጥሩነሽ ናት። ያኔም በዚሁ መርፌ ፊቷ እንዲሁ አብጦ ነበር። ፎልደሯ ላይ ፔኒሲሊን እንዳይሰጣት ተብሎ በቀይ ሲጻፍ እስክሪፕቶውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

«ዶክተር፣ መርፌው ነው! ድሮም አይስማማትም!» ብዬ ጮህኩ። ዶክተር አንተነህ ከቢሮ ወጥተው አድሬናሊን ወጓት፤ ኦክስጅን ተደረገላት። አማትየዋ መሬት ላይ ተቀምጣ «የሰው አደራ በላሁ፣ የሰው አደራ በላሁ» ትላለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ ውኃ እስክትጠይቅ ድረስ ስንት ደቂቃ እንደሄደ ያን ቀን የቆጠረ የለም።

በማግስቱ ዶክተር ሰበሰቡን። ፎልደሩን ከጆንያ አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ቀዩን ጽሑፍ ደጋግመው አነበቡ።

«ማን ነው የመዘገባት?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን አልፈለግሻትም?»

«ስፈልጋቸው ሰሌዳው ላይ መጨረሻ እወጣለሁ፣ ዶክተር። ካልፈለግሁ አንደኛ ነኝ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ አዩት። እኔን የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጡም። በአዲስ የተመዘገቡትን ሁሉ ከድሮው ማውጫ ጋር እንድናመሳክር አዘዙ። ሦስታችን የማውጫውን ሳጥን ከዕቃ ቤት አውጥተን ጥግ ላይ በእርሳስ የተጻፉትን ስሞች አንድ በአንድ ተያያዝናቸው፤ በስም ያልገጠመውን በዕድሜና በአገር አገናኘን። ቀናት ፈጀብን። የድሮ በሽተኛችን ሆና በአዲስ ስም የተመዘገበች ሴት በየገጹ አለች። በራሱ ስም ሁለት ሦስት ጊዜ አዲስ የተባለ ወንድም አይጠፋም፤ ለእሱ እንኳን በአማት ማመካኘት አይቻልም።

ዶክተር ዝርዝሩን ገጽ በገጽ ገለጡ። ከዚያ «ታዲያ ኢንጅባራ ልከፍት የነበረው ለማን ነው?» አሉ። የቤት ፍለጋው በዚያው ቀረ። ሰሌዳው ተነሣ፤ ናሆምም ተመልሶ መጥቶ የሁለተኛውን ስም ሳጥን ጨመረ። ምሳ ሳይደርስ ጨርሶ ሄደ።

ልጅቷ ለክትትል የመጣችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አማቷ ጋሪ ልትጠራ ስትወጣ ብቻዋን መስኮቱ ጋ ቀረች። ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ ስንት ቀን ስሰናዳ ከርሜያለሁ።

«ያን ቀን መልክሽን አውቄው ነበር» አልኳት። «ልጠይቅሽ ሲገባኝ ዝም ብዬ አሳለፍኩሽ። ግን አንቺስ ምነው ለነርሷ እንኳ ሳትነግሪያት?»

ቀና ብላ አየችኝ። ቂም አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

«እትየ፣ ሲያዩኝ ጊዜ አውቀውኛል ብየ እኮ ነው ዝም ያልሁት» አለች።

የቀጠሮ ካርዷን ሰጠኋት፤ አማቷ ጠራቻትና ሄደች።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምለው ይህን ያህል ነው። አለቃ ደቂቃ ከቆጠረ ሠራተኛው ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ኮምፒውተሩም የተሰጠውን መልሶ ያሳያል። መስኮት ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ ፊት ስታውቁ አውቄሻለሁ ብላችሁ አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ።